ኤስኤፍ-86 ሲሞሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ክሊራንስ (የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚያስችል ፈቃድ) ለሚጠይቅ ሥራ ያመለከተ ሰው ኤስኤፍ-86 የተባለውን ረጅም ቅጽ ይሞላል። ብዙዎችን የሚያስጨንቃቸው የድሮ ጥፋታቸው ነው፤ የወጣትነት እስር፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የተባረሩበት ሥራ። ጭንቀቱ ግን ያለ ቦታው ነው። ክሊራንስ ለመስጠትና ለመከልከል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራባቸው 13 መመዘኛዎች ጥፋቱ ምን ያህል እንደቆየ፣ በስንት ዓመትዎ እንደተፈጸመና ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደኖሩ ያያሉ። ሆን ብለው የዘለሉት ጥያቄ ግን ቅጹን በፈረሙበት ዕለት የተፈጸመ አዲስ ጥፋት ነው።

«መዝገቡ ተሰርዟል» ብሎ ማለፍ። ጠበቃዎ «ከእንግዲህ ማንም አያየውም» ብሎዎት ይሆናል። የቅጹ ክፍል 22 ግን መዝገቡ ቢታሸግም፣ ቢሰረዝም፣ ክሱ ውድቅ ቢሆንም ይጻፉ ይላል። ከዚህ ነፃ የሆኑት በፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ተፈርዶባቸው በልዩ ትእዛዝ የተሰረዙ ጥቂት ጉዳዮች ናቸው። ጥያቄው ስለ ፍርድ ብቻም አይደለም፤ መታሰርም መከሰስም ይጠየቃል።

ሰባት ዓመትን ለሁሉም ጥያቄ መለኪያ ማድረግ። ብዙው ጥያቄ ወደ ኋላ የሚሄደው 7 ዓመት ነው። ከባድ ወንጀል፣ የጦር መሣሪያ፣ የመጠጥና የዕፅ ክስ ግን በሕይወት ዘመንዎ መቼም ቢሆን ይጻፋል። በአንጻሩ መጠጥ ወይም ዕፅ የሌለበት፣ ከ300 ዶላር በታች የሆነ የትራፊክ ቅጣት አይጠየቅም።

ማሪዋናን «እዚህ ሕጋዊ ነው» ብሎ መተው። ሜሪላንድ ቢፈቅደውም ቅጹ የሚመለከተው የፌዴራሉን ሕግ ነው።

የሥራ መልቀቂያን ማሳመር። አለቃው «ደብዳቤ አስገባ፣ አለዚያ እናባርርሃለን» ያለው ሰው «የተሻለ ሥራ አግኝቼ ለቀቅኩ» ብሎ ይጽፋል። ቅጹ ግን ይህንኑ ለይቶ ይጠይቃል፤ ተባረሩ ወይ፣ ልትባረር ነው ተብለው ለቀቁ ወይ፣ በጥፋት ተወቅሰው በስምምነት ወጡ ወይ። የአመልካቹን ታሪክ የሚያጣራው መርማሪ የቀድሞውን አለቃ ሲያናግር ሁለት የተለያየ ታሪክ ይዞ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሥራ ያስለቀቀዎት ነገር ተረስቶ ወሬው ሁሉ ስለ መልስዎ ይሆናል።

ለቤተሰብ የሚላከውን ገንዘብ አለመጥቀስ። የእኛ ሰው በብዛት የሚዘለው ይህን ይመስለኛል። እናትን መጦር ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ቅጹ የውጭ ዜጋን በገንዘብ ረድተው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል፤ እናትም የውጭ ዜጋ ከሆኑ ከዚያው ይገባሉ።

እስኪጠየቁ መጠበቅ። የዘነጉት ነገር ትዝ ካለዎት መርማሪው ማስረጃውን ሳያወጣ ቀድመው ያርሙ። መመዘኛው እንዲህ ያለውን እርማት ለአመልካቹ ይቆጥርለታል፤ ከተደረሰበት በኋላ የመጣ ኑዛዜ ግን ያን ያህል አይረዳም። «ጓደኛዬ ተወው አለኝ» የሚለው ምክንያትም አያወጣም። ሊታይ የሚችለው ከጠበቃ ወይም ሥራው ከሆነ ባለሙያ በቀጥታ በዚሁ ጉዳይ ላይ የተሰጠ የተሳሳተ ምክር ነው። እያወቁ በሐሰት መሙላት በሕጉ እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር እንደሚችልም አይርሱ።

ለተቃውሞ ደብዳቤ በደፈናው መመለስ። ክሊራንሱ እንዳይሰጥ የታሰበበት ምክንያት በነጥብ ተዘርዝሮ ሲደርሳቸው፣ የመከላከያ ሥራ ተቋራጭ ሠራተኞች መልስ የሚሰጡበት ጊዜ 20 ቀን ነው። «ታታሪና አገር ወዳድ ነኝ» የሚል ገጽ አይበቃም። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ «አምናለሁ» ወይም «አላምንም» ብለው ይመልሱ፤ የዕዳ መክፈያ ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ፣ ያለዎትን ሁሉ በየነጥቡ ያያይዙ።