የሳልመን ጥብስ በቅቤ ሶስ፦ ምን ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ሳልመን ለመጥበስ ከሚያመቹ ዓሣዎች አንዱ ነው። ስብ አለው፣ ቶሎ ይበስላል፣ ብዙ ቅመም አይፈልግም። ግን ቤት ውስጥ ሲሠራ ወይ ቆዳው መጥበሻው ላይ ይቀራል፣ ወይ ሥጋው ይደርቃል፣ ወይ ቅቤው ያርራል። የአብዛኛው ጣጣ መነሻ ውሃ ነው። ዓሣው ላይ ያለው ውሃ መወገድ አለበት። ዓሣው ውስጥ ያለው ደግሞ መውጣት የለበትም። ሶሱ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያለ ውሃ ሶስ የለም። ይህን ያዙና የገጠማችሁን ችግር ከታች ፈልጉ።

ቆዳው መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ቀረ

ሰው በጣም የሚማረርበት ይህኛው ነው። ምክንያቱ ሦስት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሦስቱም አንድ ላይ ይመጣሉ።

አንደኛው እርጥበት ነው። እርጥብ ዓሣ የጋለ ዘይት ላይ ሲያርፍ የመጥበሻው ሙቀት ውሃውን በማትነን ያልቃል። እስከዚያ ድረስ ዓሣው እየተጠበሰ ሳይሆን እየተቀቀለ ነው። የለሰለሰው ቆዳም ብረቱን ይይዛል። ስለዚህ ዓሣውን በሁለቱም በኩል በሶፍት ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። ሶፍቱ ከራሰ ቀይሩና ድገሙ። ጊዜ ካላችሁ ቆዳውን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ሳትሸፍኑ፣ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት። የፍሪጅ አየር ደረቅ ስለሆነ ሥራውን ይሠራላችኋል።

ጨው ላይም ጠንቀቅ በሉ። ጨው ውሃ ይስባል። ነስንሳችሁ ሩብ ሰዓት ካስቀመጣችሁት ያ ሁሉ ያደረቃችሁት ዓሣ ተመልሶ ያልበዋል። ወይ መጥበሻው ላይ ልታደርጉት ስትሉ ነስንሱ፣ ወይ ቀደም ብላችሁ ነስንሳችሁ የወጣውን ውሃ እንደገና ጥረጉ።

ሁለተኛው ያልጋለ መጥበሻ ነው። የማይዝግ ብረት መጥበሻ ከሆነ ባዶውን መካከለኛ እሳት ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቁትና የውሃ ጠብታ ጣሉበት። ጠብታው ጭስስ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ገና ነው። ድቡልቡል ሆኖ እየተንከባለለ ከሮጠ ደርሷል። ጠብታውን ጥረጉ፣ ዘይት ጨምሩ፣ ዘይቱ ቀጥኖ በቀላሉ መፍሰስ ሲጀምር ዓሣውን በቆዳው በኩል አስቀምጡ። ቴፍሎን ላይ ግን ይህን ሙከራ አታድርጉ። ባዶውን ማጋል ሽፋኑን ይጎዳዋል። እሱን ከነዘይቱ አሙቁት።

ሦስተኛው ችኮላ ነው። ዓሣ መጀመሪያ ላይ ይይዛል፣ ቡናማ ሲሆን ራሱ ይለቃል። መገልበጫውን ስታስገቡ እምቢ ካለ አትታገሉት። አንድ ደቂቃ ጨምሩለትና እንደገና ሞክሩ።

አሁን ተጣብቆባችሁ ከሆነስ? መጥበሻውን ከእሳት አውርዱና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ስስ የብረት መገልበጫ ከሥሩ አስገቡ። ቆዳው ከቀረም ይቅር፣ ሥጋው ላይ ሶስ ታፈሱበታላችሁ፤ ማንም አያውቅባችሁም። ለጀማሪ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቴፍሎን ይሻላል። ባለሙያዎች ብረት ላይ ሲጠብሱ አይታችሁ አትቅኑ።

ቆዳው ለስልሶ ቀረ፣ አይንኮሻኮሽም

ከቆዳው ሥር የስብ ሽፋን አለ። ያ ስብ ቀልጦ ካልወጣ ቆዳው አይንኮሻኮሽም፤ ለዚህ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። እሳቱ በጣም ኃይለኛ ከሆነ ቆዳው ያርራል እንጂ ስቡ አይቀልጥም። መካከለኛ እሳት ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ በቆዳው በኩል ከአምስት እስከ ስድስት ደቂቃ ይቆይ። በሌላው በኩል አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ሁለቱንም ጎን እኩል ይጠብሳል። እኔ ይህን ስህተት ነው የምለው፤ ቆዳውም አይሆንለትም፣ ሥጋውም ይደርቃል።

ቆዳው ሙቀት ሲነካው ይሰበሰባል፣ ዓሣው መሃሉ ላይ ይነሳል። የተነሳው ክፍል ብረቱን ስለማይነካ ጥሬ ይቀራል። መፍትሄው ቀላል ነው፤ እንዳስቀመጣችሁት በመገልበጫ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጫኑት። ቀስ ብላችሁ፤ አታድቅቁት።

መጥበሻውን አትክደኑ። እንፋሎቱ ተመልሶ ቆዳው ላይ ያርፋል። ሶሱንም ቆዳው ላይ አታፍስሱ፤ ሳህኑ ላይ አፍስሱና ዓሣውን ቆዳውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከላይ አስቀምጡት። ደግሞ ከመጀመሪያው ቅርፊቱ መነሳቱን በጣታችሁ አረጋግጡ። ከጅራት ወደ ራስ አቅጣጫ ስትዳብሱት ከሻከረ በቢላ ጀርባ ፋቁት።

ከጎኑ ነጭ የረጋ ነገር ወጣ

ስብ አይደለም፣ የተበላሸ ዓሣ ምልክትም አይደለም። በተለምዶ አልቡሚን የሚሉት ፕሮቲን ነው። ሥጋው ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ፈሳሹን ፕሮቲን ወደ ውጪ ይገፋዋል፣ እሱም ውጪ ሲደርስ ይረጋል። ቢበላ ምንም አያደርግም። ትንሽ ከሆነ እርሱት።

ብዙ ሲሆን ግን አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው፤ ወይ እሳቱ በዝቷል፣ ወይ ዓሣው ከሚገባው በላይ ቆይቷል። እሳቱን ቀንሱ። ከመጥበስ በፊት ጨው ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም ይረዳል። ለአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ከዚያ በደንብ አድርቁት፣ ሌላ ጨው አትጨምሩ።

ሥጋው ደረቀ፣ ወይም ውጪው አሮ ውስጡ ጥሬ ሆነ

ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም መነሻቸው የሙቀት አያያዝ ነው።

ለደረቀው፦ ሳልመን በጣም ለስላሳና ጭማቂ የሚሆነው መሃሉ 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከ60 ሲያልፍ መድረቅ ይጀምራል። የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት መመሪያ ደግሞ 63 ዲግሪ ይላል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ሕመም ያዳከመው ሰው ማዕድ ላይ ካለ 63ቱን ያዙ፣ ድርድር የለውም። ለሌላው ምርጫው የራሳችሁ ነው። ዓሣው ከእሳት ከወጣ በኋላም ጥቂት ዲግሪ ስለሚጨምር ከምትፈልጉት ቀደም ብላችሁ አውጡትና ሁለት ደቂቃ አሳርፉት።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ዓሣውን ከጎን ይመልከት። ቀለሙ ከሥር ጀምሮ እየፈዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። የፈዘዘው ክፍል ከውፍረቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲያልፍ ገልብጡ። ሥጋውን በጣት ጫን ስትሉት ንብርብሩ መለያየት ከጀመረ በቅቶታል። በሹካ እየወጉ ደጋግሞ ማየት ግን ጭማቂውን ማፍሰስ ነው።

ውጪው ላረረው፦ እሳቱን ቀንሱ፣ ዓሣውንም ከፍሪጅ አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጥበሱ። አሁን በእጃችሁ ላይ ያለው ጥሬ ከሆነ 180 ዲግሪ የሞቀ ምድጃ ውስጥ ሦስት አራት ደቂቃ አስገቡት። ቁራጩ አንድ ወገኑ ወፍራም፣ ሌላው ስስ ከሆነ ግን ምንም ብታደርጉ እኩል አይበስልም። ስሱን የጅራት ክፍል ቆርጣችሁ ለብቻው አጭር ጊዜ ጥበሱት። ስትገዙም ከመሃል የተቆረጠውን ፊሌቶ ጠይቁ።

ቅቤው አረረ

ቅቤ 80 በመቶ ገደማ ስብ ነው። የቀረው በአብዛኛው ውሃ ሲሆን፣ ትንሽ የወተት ፕሮቲንና ስኳርም አለበት። የሚያርረው ያ ትንሹ ነው። ዓሣ ለመጥበስ የጋለ መጥበሻ ለእሱ በጣም ይበዛበታል። ስለዚህ ዓሣውን በዘይት ጥበሱ፣ ቅቤውን ለመጨረሻ አቆዩት። ዘይት መቀላቀል ቅቤውን ከማረር ያድነዋል የሚባለውን ብዙ አትመኑ። የወተቱ ቅሪት አሁንም እዚያው ነው፣ በዚያው ሙቀት ያርራል።

ቡናማ ሆኖ ለውዝ ለውዝ ከሸተተ አላረረም። እንዲያውም ይጣፍጣል፤ ሎሚ ጨምቁበትና ተጠቀሙት። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየበትና መራራ ከሸተተ ግን ድፉት። ሎሚም ጨውም አያድነውም።

ሶሱ ተለያየ፣ ቅባቱ ላይ ተንሳፈፈ

የቅቤ ሶስ ማለት በጥቃቅኑ የተበተነ ስብ ውሃ ውስጥ ተይዞ ማለት ነው። ውሃው ተንኖ ካለቀ ወይም ሙቀቱ ከበዛ ስቡ ተመልሶ ይሰበሰባል። ሳህኑ ላይ ቢጫ ዘይት ይተኛል።

እንዲህ አድርጉት፤ መጠኑ ለሁለት ሰው ነው። ዓሣው ሲወጣ የተጠበሰበትን ዘይት ድፉ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉ። ጥቂት ቅቤ ጣል አድርጋችሁ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ለግማሽ ደቂቃ አቁላሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ፣ መጥበሻው ላይ የተጣበቀውን ፈቅፍቁ፣ ግማሽ ያህሉ እስኪቀር ይፍላ። አሁን ከእሳት አውርዱ። 50 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ በትንንሹ ቆርጣችሁ፣ አንዱ ሊቀልጥ ሲል ሌላውን እያስከተላችሁ፣ መጥበሻውን እያወዛወዛችሁ አስገቡ። ቅዝቃዜው ወሳኝ ነው፤ ቅቤው ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ ውሃው ውስጥ ለመበተን ጊዜ ያገኛል። ቀድሞ የቀለጠ ቅቤ ብታፈሱበት ይህ አይሆንም።

የተለያየ ሶስ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ከእሳት አውርዱት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፣ በፍጥነት ምቱት። ካልተመለሰ አንድ ማንኪያ ድገሙ። አንዴ ከተያያዘ በኋላ እሳት ላይ መልሳችሁ አታፍሉት። ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ወዲያው አቅርቡት።

ከጣዕም ጋር የተያያዙት ቶሎ ያልቃሉ። መራራ ከሆነ ነጭ ሽንኩርቱ አሯል ወይም የሎሚው ፍሬ ገብቷል። ጨው ከበዛ ጨው የሌለው ቅቤ ተጠቀሙ፤ ውሃው ሲተን ጨው እንደሚጠነክርም አትርሱ። ብረት ብረት ካለ መጥበሻችሁን ተመልከቱ፤ ሽፋን የሌለው አሉሚኒየም ወይም ከባድ የብረት መጥበሻ ከሎሚ ጋር አይስማማም።

ዓሣው ክፉኛ ይሸታል

የባሕር ዓሣ ከቆየ በኋላ የሚያመጣው ሽታ በአብዛኛው ትሪሜቲላሚን ከሚባል ውህድ ነው። ባክቴሪያ ነው የሚፈጥረው። ቀለል ያለ ከሆነ ሎሚ ይቀንሰዋል፤ አሲዱ ውህዱን ስለሚይዘው ወደ አየር አይወጣም። ጥሬው ገና ሲከፈት አፍንጫ የሚመታ ከሆነና ሥጋው የሚያዳልጥ ከሆነ ግን ሎሚ የሚያስተካክለው ነገር አይደለም፤ ጣሉት።

በረዶ የሆነውን ፍሪጅ ውስጥ አሳድራችሁ አሟሙት እንጂ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። አየር በሌለው ላስቲክ የታሸገ ከሆነ ከማሟሟታችሁ በፊት እሽጉን ክፈቱት። ያለ አየር የሚያድግ፣ በፍሪጅ ቅዝቃዜም መርዝ የሚያመነጭ የባክቴሪያ ዓይነት አለ። የሟሟ ዓሣ ብዙ ውሃ ስለሚያወጣ ሶፍቱን ሳትሰስቱ ተጠቀሙ።