መቶ ጫማ ከምን በላይ? ጉም ውስጥ ለሚያርፍ ጀማሪ አብራሪ

ያደግሁት ጣርማ በር ነው። ክረምት ላይ ዋሻውን አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ አይሱዙ ጉም ሲውጠው፣ ረዳቱ ወርዶ የመንገዱን ጠርዝ እያሳየ ከፊት ከፊት ይሄዳል። አውሮፕላን ላይ ወርዶ የሚያይልህ የለም። በረራ የሚማረው የእህቴ ልጅ ለፋሲካ ደብረ ብርሃን መጥቶ «ጋሼ፣ ይሄ ራዲዮ አልቲሜትር ግራ አጋባኝ» ሲለኝ የነገርኩት እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን አልቲሜትሮች፣ ማለትም የከፍታ መለኪያዎች፣ ለይ። ባሮሜትሪኩ የአየር ግፊት ለክቶ፣ ታወር የሰጠህን ኪው ኤን ኤች (ወደ ባሕር ጠለል የተሰላ የአካባቢው የአየር ግፊት) ሞልተህበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለህን ከፍታ ይነግርሃል። ራዲዮው ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ሞገድ ወደ ታች ልኮ፣ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ፣ ልክ ከሥርህ ያለው መሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ይነግርሃል። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የሚያሳየው ከ2,500 ጫማ በታች ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር አፋፍ ላይ ዝቅ ብለህ ሳትወርድ ሳትወጣ ወደ ሸዋ ሮቢት ብትበር፣ ባሮሜትሪኩ አይነቃነቅም። ራዲዮው ግን ገደሉ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ይሮጥና ይጠፋል። አንተ ከፍ አላልክም፤ የሸሸው መሬቱ ነው።

ይህን ከያዝክ ሌላው ይከተላል። አይኤልኤስ በራዲዮ ምልክት እየመራ ወደ መንደርደሪያው የሚያወርድህ ሥርዓት ነው፤ ካት ዋንና ካት ቱ ደረጃዎቹ ናቸው። በካት ዋን የውሳኔ ከፍታህ፣ ማለትም መንደርደሪያው ካልታየህ የምትመለስበት ከፍታ፣ ከመንደርደሪያው ጫፍ በላይ ከ200 ጫማ አያንስም፤ አርቪአሩም (መንደርደሪያው ላይ የሚታየው ርቀት) ከ550 ሜትር አያንስም። በ3 ዲግሪ ቁልቁለት 200 ጫማ ላይ ስትሆን ከጫፉ ገና 900 ሜትር ገደማ ይቀርሃል። ከሥርህ ሸለቆም ጉብታም ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ሚኒመሙን፣ ማለትም የውሳኔ ከፍታህን፣ ባሮሜትሪኩ ላይ ሙላ። ካት ቱ እስከ 100 ጫማና እስከ 300 ሜትር አርቪአር ይወርዳል። እዚያ ግፊትና ሙቀት ባሮሜትሪኩ ላይ የሚያመጧት የጥቂት ጫማ ስሕተት ትከብዳለች፤ ስለዚህ ራዲዮውን እንጠቀማለን።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውሳኔው 100 ጫማ ስለሆነ ራዲዮው ላይ 100 አትሙላ። በዚያ ሰዓት ከጫፉ 300 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ነህ። እዚያ ያለው መሬት ከጫፉ 15 ጫማ ዝቅ ካለ፣ ትክክለኛው የራዲዮ ንባብ 115 ነው። 100 ከሞላህ ከተፈቀደልህ 15 ጫማ ወርደህ ትወስናለህ፤ እሱም የአንድ ሰከንድ ያህል ጉዞ ነው። መሬቱ ከፍ ካለ ደግሞ አውሮፕላኑ ውሳኔው ላይ ስትደርስ የሚያሰማህ «ሚኒመምስ» የሚለው ጥሪ ቀድሞ ይመጣና ማረፍ እየቻልክ ትመለሳለህ። መሬቱን የለኩ ሰዎች ቁጥሩን የአቀራረቡ ቻርት ላይ አርኤ (የራዲዮ ከፍታ) ብለው ጽፈውልሃል፤ እሱን ሙላ። መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ በራዲዮ መወሰን የማይፈቀድባቸው መንደርደሪያዎችም አሉ።

ከዚያ ሚኒመሙ በየትኛው አልቲሜትር እንደሚለካ የምትመርጥበት ማዞሪያ ራዲዮ ላይ መሆኑን ጣትህን አስጠግተህ አረጋግጥ። ሲሙሌተር (በረራን የሚያስመስል ማሠልጠኛ) ውስጥ ባሮሜትሪኩ ላይ ትቼው 100 ሞልቼ አውቃለሁ። የቦሌን ያህል፣ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ማረፊያ ላይ ነበርን፤ «ሚኒመምስ» የሚለው ጥሪ ሊመጣ አይችልም። አጠገቤ የነበረው ካፒቴን ባያየው ኖሮ ጥሪውን ስጠብቅ መሬት እመታ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ይጨንቀኛል።

ከማረፊያው በላይ 1,000 ጫማ ከመድረስህ በፊት አርቪአር ከሚኒመም በታች ከወረደ አትቀጥል። አቀራረቡን ሳትጀምሩ ደግሞ ከጓደኛህ አብራሪ ጋር ተስማሙ፦ ማን ውጭ ያያል፣ ማን መሣሪያ ይከታተላል። በውሳኔው ከፍታ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ መብራቶችና አንድ አግድም የመብራት መስመር ካልታዩህ ጎ አራውንድ፤ ማረፉን ትተህ ወደ ላይ ተመለስ። «አሁን ይታያል» ብሎ መጠበቅ የለም፤ ጎማው መሬት ቢነካ እንኳ ሽቅብ ነው። የአየር መንገድህ መመሪያ ከዚህ ከጠበቀ እሱን ያዝ።

በመጨረሻ ራዲዮውን እንዳለ አትመን። በፈረንጆቹ የካቲት 2009 አምስተርዳም ላይ የአንድ ቦይንግ 737 የግራ ራዲዮ አልቲሜትር 2,000 ጫማ ገደማ ላይ እያለ ከዜሮ 8 ጫማ በታች አነበበ። የሞተሩን ኃይል በራሱ የሚቆጣጠረው አውቶ ትሮትል አውሮፕላኑ ሊያርፍ ነው ብሎ ሞተሮቹን ቀነሰ፤ ፍጥነቱ መውረዱ በጊዜ አልታየም፤ 9 ሰው ሞተ። ስለዚህ ስትወርድ የግራውንና የቀኙን ራዲዮ አልቲሜትር ቁጥር አስተያይ። ካልተስማሙ ካት ቱን ተወው፤ አየሩ ለካት ዋን ከፈቀደ በዚያ ግባ፣ ካልፈቀደ ወደ ተለዋጭ ማረፊያህ ሂድ። ነዳጁ የተጫነልህ ለዚያ ነው።