ከትምህርት ቤት መልስ ቺፕስና ብስኩትን እንዴት መቀነስ ይቻላል

ብዙ ቤት ውስጥ ቺፕስና ብስኩት የሚበላው በቁርስ ወይም በእራት ሰዓት አይደለም። ልጅ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ይወጣል፣ 10 ሰዓት አካባቢ ቤት ይደርሳል። እራት የሚቀርበው ግን ወላጅ ከሥራ ገብቶ፣ ወጥ ተሠርቶ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ምሳ ዕቃውም አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ሳይነካ ይመለሳል። ይህን የአራት ሰዓት ረሃብ ቤት ካልሸፈነው ደጅ ያለው ሱቅ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከመከልከል በፊት የመክሰስን ሰዓት ማስተካከል ይቀድማል።

መጀመሪያ ያለውን ቁጠሩ

ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ ቤት የገባውን ጻፉ፦ ስንት ፓኬት ብስኩት፣ ስንት ጠርሙስ ለስላሳ፣ ስንት ኪሎ ስኳር። ያለውን መጣል አያስፈልግም፤ ሲያልቅ አለመተካት ይበቃል። ካቢኔት ውስጥ መቆለፍ ግን አይሠራም። ልጅ እያየው የተከለከለ ነገር ይብስ ይናፍቀዋል፣ አክስቱ ቤት ሲያገኘው ደግሞ ሆዱን እስኪያመው ይበላዋል። ቤት ውስጥ ከሌለ የሚያከራክር ነገርም የለም።

መክሰሱን ልጁ ከመምጣቱ በፊት አዘጋጁ

ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የራበው ልጅ ምግብ እስኪበስል አይጠብቅም፤ ገብቶ ቦርሳውን ሲያስቀምጥ መክሰሱ ጠረጴዛ ላይ መኖር አለበት። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ሙዝና ያልተላጠ ብርቱካን ለትንሽ ልጅ እንደሌለ ይቆጠራል። ተልጦና ተቆርጦ ሳህን ላይ ከተቀመጠ ግን ሳይጠየቅ ያልቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያጠግበውና ርካሹ ንፍሮ ነው። ለአራት ሰው ለሦስት ቀን ያህል 2 ኩባያ ስንዴ፣ 1 ኩባያ ሽምብራና 1 ኩባያ ባቄላ ይበቃል። ለቅመው፣ አጥበው፣ ማታ ለየብቻ በብዙ ውሃ ይዘፈዝፏቸው፤ ቢያንስ 12 ሰዓት ይቆዩ። ጠዋት የተዘፈዘፉበትን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ ይቀቅሉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጥራጥሬ በተራ ድስት ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጀው ለዚህ ነው። በፕሬዠር ከሆነ መንፋት ከጀመረ በኋላ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ለንፍሮ ብቻ እንኳ ቢሆን ፕሬዠር መግዛት ያዋጣል፤ የኤሌክትሪክ መጥበሻ ግን ቺፕሱን ከሱቅ ወደ ቤት ከማምጣት ሌላ ጥቅም የለውም። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ትንሽ ብቻ። ቀይ ቦሎቄ የሚጨምር ሰው ቦሎቄውን ለብቻው ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ያንተክትክ፣ ከዚያም እስኪለሰልስ ይቀቅል፤ በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ያስታውካል።

ንፍሮ የሚበላሸው ሲቀቀል ሳይሆን ሲቀመጥ ነው። ትኩሱን ዕቃ ውስጥ ከትተው ከከደኑት በማግስቱ ተዝለግልጎ ይሸታል። በወንፊት አጥልሉት፣ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ፍሪጅ። ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ የሚሆነውን በየአንዳንዱ ቀን መጠን በፌስታል ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቀለጠ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት፤ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ አሙቃችሁ የዚያኑ ዕለት ጨርሱት።

በተከታታይ ንፍሮ ብቻ የሚሰጠው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት እጁን ይሰበስባል። አንድ ቀን ቲማቲምና ሽንኩርት ከትፋችሁ፣ ሎሚ ጨምቃችሁ አቅርቡት። በሌላ ቀን ዳቦ በአቮካዶ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ቆሎ ከሙዝ ጋር፣ በሶ። ረቡዕና አርብ ሱፍ ፍትፍት ይስማማል፤ ሱፉን ለስለስ አድርጎ አምሶ፣ ፈጭቶ፣ በውሃ አሽቶ ማጥለልና እንጀራ መፈትፈት ነው። (ፓኬት ላይ «የጾም» የሚል ጽሑፍ ቅቤና ወተት የለውም ማለት እንጂ ስኳር የለውም ማለት አይደለም። በጾም ወቅት ብስኩት የሚበዛባቸው ቤቶች ይህን ይረሳሉ።)

ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቆሎ፣ ሙሉ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ አይሰጥም፤ ትንታ አደገኛ ነው። የተፈጨ ኦቾሎኒ ዳቦ ላይ በስሱ መቀባት ይቻላል።

«ምን ትበላለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ የታወቀ ነው። «ሙዝ ወይስ ብርቱካን?» በሉ። መክሰሱ 10 ሰዓት ተሩብ ላይ ከተበላ በኋላ እስከ እራት ውሃ ብቻ። የሚቻል ከሆነ እራቱን ወደ 1 ሰዓት ተኩል አምጡት፤ ይህች ግማሽ ሰዓት ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

ስኳር፦ በግማሽ ማንኪያ ውረዱ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ25 ግራም አካባቢ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ይህ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ለልጅ በቃል ከመንገር ይልቅ ማሳየት ይሻላል፦ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስምንት ማንኪያ ስኳር እሱ ራሱ እየቆጠረ ይጨምር፣ ያማስል፣ ይቅመስ። አብዛኛው ልጅ ፊቱን ያጨማድዳል። ለስላሳው ሲቀዘቅዝ፣ ጋዙና ኮምጣጣው ሲጨመርበት ጣፋጭነቱ እንደሚደበቅ ያን ጊዜ ንገሩት።

ሻይ ላይ አራት ማንኪያ የለመደን ቤት በአንድ ቀን ወደ አንድ ማውረድ ጠብ ያስነሳል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ በስድስት ሳምንት አንድ ላይ ትደርሳላችሁ። ቀረፋና ቅርንፉድ ማብዛት ለውጡን ይሸፍናል። ሻዩ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጠጣ፤ ከምግብ ጋር ሲሆን በተለይ የምስሩንና የጎመኑን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል።

በካርቶን የሚሸጥ ጭማቂ ብዙዎች ከለስላሳ የተሻለ ይመስላቸዋል። ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ፦ በዝርዝሩ መጀመሪያ የተጻፈው በብዛት ያለው ነው። ውሃ፣ ቀጥሎ ስኳር ካለ ጣፋጭ ውሃ እየገዛችሁ ነው። ግሉኮስም ፍሩክቶስም ስኳር ናቸው።

ኢንዶሚ

ጨርሶ ማስቀረት ካልተቻለ ጨዉ በዋናነት ያለው ትንሿ የቅመም ፓኬት ውስጥ መሆኑን እወቁ። ግማሿን ጨምሩ፤ ካሮት፣ ጎመንና እንቁላል ጨምራችሁ አብስሉት። ከማብሰያ ጊዜው ላይ የሚጨምረው አምስት ደቂቃ ነው።

ጎመንን በጉቦ አታስበሉ

«ጎመኑን ከጨረስክ ቸኮሌት እሰጥሃለሁ» ማለት ጎመን ቅጣት፣ ቸኮሌት ሽልማት መሆኑን ማስተማር ነው። አዲስ አትክልት አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ቀርቦ ሊሆን ይችላል ልጁ የሚቀበለው። አብዛኛው ወላጅ በሦስተኛው «አይወድም» ብሎ ይተዋል። በየጊዜው አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ከሚወደው ሽሮ አጠገብ አስቀምጡ፤ ካልነካው ያለ ንግግር አንሱት። ጉርሻ የፍቅር ነው፣ አፉን የዘጋን ልጅ በጉርሻ ማሳደድ ግን ጥጋቡን እንዳያዳምጥ ያለማምደዋል። ምን እንደሚቀርብና መቼ የወላጅ ውሳኔ፣ ምን ያህል እንደሚበላ የልጁ።

ሱቁና አያት

ጨው እንዲገዛ የተላከ ልጅ «መልሱን ያዘው» ከተባለ መልሱ ከረሜላ ይሆናል። መልስ ወደ ቤት ይመለስ፤ ባለሱቁም ለልጅ በዱቤ እንዳይሰጥ ቀድማችሁ ንገሩት። ብዙዎቹ ይተባበራሉ።

አያት ባዶ እጃቸውን መምጣት አይሆንላቸውም፤ ብስኩት አያምጡ ማለትም ያስቀይማል። «እማማ፣ ልጆቹ እኮ የእርስዎን ብርቱካን ነው የሚጠብቁት» ማለት ይሻላል፣ ብርቱካኑም ይመጣል።

ቺፕሱ የሚበላበት ቀን

በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ይፈቀድ፤ ቀኑ ከታወቀ በየቀኑ ልመና አይኖርም። ትልቁ ፓኬት በግራም ሲሰላ ይረክሳል፣ ግን ተከፍቶ አያድርም። ትንሹን ግዙ፣ ሳህን ላይ ገልብጡት፣ ለሁሉም አካፍሉ፤ ከፓኬቱ ላይ በእጅ እየዘገነ ቴሌቪዥን የሚያይ ልጅ ማለቁን የሚያውቀው ፌስታሉ ባዶ ሲሆን ነው።