የ5 ዶላሩ ደንብ የት ገባ? ስለ ባንክ ደንቦችና ስለ ኮንግረስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዲሴምበር 2024 ላይ አንድ ደስ የሚል ዜና ወጣ። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ብዙዎቻችን ሲኤፍፒቢ የምንለው፣ የኦቨርድራፍት ቅጣት ላይ ደንብ አውጥቷል ተባለ። ሂሳባችን ባዶ ሆኖ ባንኩ ሲሸፍንልን የሚቆርጠው 35 ዶላር ወደ 5 ዶላር ሊወርድ ነው። ያኔውኑ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው እህቴ ደውዬ «ተገላገልን!» አልኳት።

ኦክቶበር 2025 ላይ የስልክ ክፍያዬ በራሱ ሲቆረጥ ሂሳቤ 12 ዶላር ጎደለው። ባንኬ 35 ዶላር ቀጣኝ። ደውዬ ስለ ደንቡ ስጠይቅ፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትህትና «እንዲህ ያለ ደንብ የለም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ያን ቀን ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥር መሠረቱ አነበብኩት። እኔ የተሳሳትኩትን ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ነው ይህን የምጽፈው።

ደንቡ ወጣ ማለት ሥራ ላይ ዋለ ማለት ይመስለናል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ደንብ መጀመሪያ በረቂቅ ይወጣል። ሕዝብ አስተያየት ይሰጥበታል። ከዚያ የመጨረሻው ደንብ ይታወጃል፣ ሥራ የሚጀምርበት ቀንም ይቆረጥለታል። የኦቨርድራፍቱ ደንብ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ቀን 2025 ነበር፤ ያውም ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያላቸውን ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች ብቻ ነበር የሚመለከተው። ከዜናው እስከዚያ ቀን ድረስ አሥር ወር ገደማ አለ። በዚያ መሃል ነው ነገሩ የተበላሸው።

በ1996 የወጣ አንድ ሕግ አለ፤ የኮንግረስ ደንብ መመርመሪያ ሕግ ልንለው እንችላለን። በዚህ ሕግ መሠረት ኮንግረስ አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ደንብ በጋራ ውሳኔ መሻር ይችላል። ሴኔት ውስጥ ለሌላው ሕግ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው 60 ድምፅ እዚህ ጋ አያስፈልግም፤ ተራ አብላጫ ይበቃል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ 60 ቀን ገደማ፣ ያውም በምክር ቤቶቹ የሥራ ቀን የሚቆጠር። በምክር ቤቱ ዘመን መጨረሻ ላይ የወጣ ደንብ ደግሞ ቆጠራው በአዲሱ ኮንግረስ እንደገና ይጀምርበታል። የዲሴምበሩ ደንብ የወደቀው በዚህ ነው። ማርች 2025 ሴኔት 52 ለ48፣ ኤፕሪል ላይ የተወካዮች ምክር ቤት 217 ለ211 ሻሩት። ሜይ 9 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፈረሙበት። እኔ ተገላገልን ያልኩት ደንብ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራ ቀረ።

ስለዚህ በምርጫ ማግስት፣ አስተዳደር ሊቀየር ሲል የሚወጣ ደንብ ስትሰሙ ለጊዜው አትተማመኑበት።

«ግድ የለም፣ የሚቀጥለው አስተዳደር ይመልሰዋል»

ይህን ከስንት ሰው ሰማሁ! እንዲያ ቀላል አይደለም። በዚያ ሕግ የተሻረ ደንብ፣ ኮንግረስ ራሱ አዲስ ሕግ ካላወጣ በቀር፣ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ተመልሶ ሊወጣ አይችልም።

የ2017ቱን ነገር እዩት። የባንክ ውል ስንፈርም በደቃቅ ጽሑፍ «ክርክር ቢነሳ በግልግል ዳኛ ይታያል» የሚል አንቀጽ አለ። ይህ አንቀጽ ብዙ ደንበኞች ተባብረው በአንድ ላይ እንዳይከሱ ይከለክላል። ቢሮው ይህን የሚያስቆም ደንብ አወጣ። ኦክቶበር 24 ቀን 2017 ማታ ሴኔቱ 50 ለ50 ተከፈለ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ማይክ ፔንስ የመጨረሻዋን ድምፅ ሰጥተው ደንቡ ወደቀ። አንድ ድምፅ! ከዚያ በኋላ አስተዳደር ቢቀየርም ያ ደንብ አልተመለሰም።

ኮንግረስ ሁሌ ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። በ2023 ሁለቱም ምክር ቤቶች ሌላ ደንብ ሻሩ፤ አበዳሪዎች ለአነስተኛ ንግዶች የሚሰጡትን ብድር በሴቶችና በአናሳ ብሔረሰቦች የተያዙትን ጭምር ለይተው እንዲመዘግቡ የሚያስገድደውን። ሬስቶራንት ወይም ግሮሰሪ ከፍቶ ብድር ለተከለከለ ወገናችን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ፕሬዚዳንት ባይደን ውሳኔውን በቪቶ መለሱት፤ ሴኔቱም ቪቶውን ለመሻር የሚበቃ ድምፅ አላገኘም።

ሕግንና ደንብን ማምታታት

ይህ አገር ቤት ገንዘብ የምንልክ ሁሉ ልናውቀው የሚገባ ነው። በ2010 የወጣው የዶድ ፍራንክ ሕግ ሲኤፍፒቢን ብቻ አይደለም የፈጠረው፤ ሐዋላ ላኪዎችንም ይጠብቃል። የላካችሁት ገንዘብ ካልደረሰ ወይም ጎድሎ ከደረሰ፣ ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀን ማመልከት ትችላላችሁ። ድርጅቱም በ90 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። ይህ ሕጉ ላይ ራሱ ተጽፏል። ከፍላችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ፣ ሰርዛችሁ ሙሉውን የማስመለስ መብታችሁ ግን የተቀመጠው ቢሮው ባወጣው ደንብ ላይ ነው።

ለእናንተ ሁለቱም መብት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሊነሳ ሲታሰብ ነው። የመጀመሪያውን ለመንካት አዲስ ሕግ ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ቢሮው ራሱ በሌላ ደንብ ሊለውጠው ይችላል። አንድ ነገር ሊነሳ ነው ሲባል «ሕጉ ላይ ነው ወይስ ደንቡ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ ድንጋጤ እዚያው ይቀልላል።

ኦቨርድራፍትም ላይ የቀረልን ነገር አለ። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ደንብ፣ ለኤቲኤምና ለተራ የካርድ ግዢ ባንኩ ያለ ፈቃዳችሁ የኦቨርድራፍት ክፍያ ሊወስድ አይችልም። ሂሳብ ስትከፍቱ «ይሁን» ብላችሁ ከሆነ ደውላችሁ አንሱት። ቼክንና በራሱ የሚቆረጥ ወርሃዊ ክፍያን ግን አይሸፍንም። እኔ የተያዝኩት በዚያ ነው።

ሁሉንም በኮንግረስ ማሳበብ

የክሬዲት ካርድ የመዘግየት ቅጣት ወደ 8 ዶላር ይወርዳል ያለውን የቢሮውን ደንብ ያስቆመው ፍርድ ቤት ነው፤ መጀመሪያ በ2024 አገደው፣ በ2025 ደግሞ ጭራሹን ሰረዘው። ሴናተራችሁ ጋ ደውላችሁ በዚህ ብትቆጡ ሰሚ አታገኙም።

በጀቱም እንደዚሁ ያምታታል። ቢሮው ገንዘቡን የሚያገኘው በየዓመቱ ከኮንግረስ ሳይሆን ከፌዴራል ሪዘርቭ፣ ማለትም ከአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ኮንግረስ ግን ጣሪያውን መወሰን ይችላል፤ በ2025 ክረምት ከሪዘርቩ የሥራ ማስኬጃ ወጪ 12 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ አውርዶታል። ደንብ ሳይነኩም የሚያስፈጽመውን ሰው ማሳጣት ይቻላል ማለት ነው። ይህ በዜና ብዙም አይወራም፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል።

«እኔ ዜጋ አይደለሁም፣ ምን አገባኝ»

ያገባችኋል። በረቂቅ ደንብ ላይ አስተያየት ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም። ዋናው ጊዜው ሳይዘጋ መጻፍ ነው። «ደንቡን እደግፋለሁ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። ስንት ተቆረጠባችሁ? መቼ? ለምን? ደረሰኙ ምን ይላል? እንዲህ ያለ ዝርዝር ነው ቦታ የሚሰጠው። ምክር ቤት ስትደውሉም የደንቡን ስምና ዚፕ ኮዳችሁን ይዛችሁ ደውሉ፤ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ዲሲ ሴናተር የለውም፤ ተወካያችንም የተወካዮች ምክር ቤት ሲወስን ድምፅ አይሰጡም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ግን ሁለት ሁለት ሴናተር አላችሁ። እህቴ የሴናተሮቿን ቢሮ ቁጥር ስልኳ ላይ መዝግባለች። አሁን ደንብ ሲወጣ እኔ በአስተያየት መስጫው ጊዜ እጽፋለሁ፣ ድምፅ ሊሰጥበት ሲል ደግሞ እሷ ትደውላለች።