የላሟ ኪሎ በሲባጎ

የትል መድኃኒት ሰጥታችኋት ላሟ ያው ከስታ፣ ፀጉሯ ቆሞ ካገኛችኋት፣ መድኃኒቱን ከመራገማችሁ በፊት ኪሎዋን እወቁ። ብዙዎቻችን በዓይን ነው የምንገምተው፤ ዓይን ደግሞ ላም ላይ ክፉኛ ይሳሳታል።

ሚዛን አያስፈልግም። ሲባጎ ከፊት እግሮቿ ኋላ በደረቷ ዙሪያ አዙሩና በሜትር ለኩት። (የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለዲቃላ ላም አይደርስም፤ ሞክሬዋለሁ።) ቀጥሎ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቷ ያለውን ርዝመት ውሰዱ። ዙሪያውን በራሱ፣ ከዚያ በርዝመቱ አባዙና ለ10,840 አካፍሉ። ዙሪያዋ 170፣ ርዝመቷ 140 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላም 373 ኪሎ ገደማ ናት።

ባለ 2,500 ሚሊ ግራም የአልቤንዳዞል (የትል መድኃኒት) ፍሬ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ሲታሰብ የሚበቃው ለ250 ኪሎ ነው። ለዚህች ላም አንድ ፍሬ ብቻ ከሰጣችሁ ደካማው ትል ይሞታል፣ መድኃኒቱን የቻለው ይተርፋል። የሚራባውም እሱ ነው።

ቀኗ የገፋ እርጉዝ ላይ ልኩ ያጋንናል። በቅርቡ ለተዳቀለች ላም ግን አልቤንዳዞል ጭራሽ አትስጡ፣ ፅንሱን ይጎዳል። ወተቱም እሽጉ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ አይሸጥም።