ለጣና ዳር የወፍ ምልከታ ስፖቲንግ ስኮፕ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጣና ዳር ለወፍ ተመልካች ዋናው ወቅት ነው። የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በፎገራ ሸሸርና ወላላ ረግረጎች፣ በግልገል አባይ በኩል ደግሞ ጭምባ ላይ ይሰፍራሉ። ዳክዬውም፣ ጭቃ እየወጋ የሚለቅመው ባለ ረጅም እግሩ ወፍም አብሮ አለ። ችግሩ ርቀቱ ነው። ጭቃው መሃል ገብቶ መቅረብ አይቻልም፤ ቢቻልም ወፉ ይነሳል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ300 እስከ 800 ሜትር ርቆ የቆመ ነገር ነው። ለዚህ ባይኖኩላር አይበቃም፤ ስፖቲንግ ስኮፕ፣ ማለትም ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ተተክሎ በአንድ ዓይን የሚታይበት አጉሊ ቱቦ ያስፈልጋል።

ስፖቲንግ ስኮፕ ግን ለአዳኝና ለዒላማ ተኳሽ ጭምር የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ፣ ማስታወቂያው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማጉላት ነው። ጣና ላይ ምስሉን የሚያበላሹት ሌሎች ናቸው፦ የሞቀ አየር፣ የሚንቀጠቀጥ ትራይፖድ እና ደካማ ብርሃን። ገዢዎች ገንዘባቸውን የሚያባክኑት በአብዛኛው ከእነዚህ አንዱን ረስተው ነው።

ትልቁን ቁጥር መግዛት

ስኮፑ ላይ 20-60×80 ተብሎ ከተጻፈ ከ20 እስከ 60 ጊዜ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት ደግሞ 80 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ይህ ጤነኛ ቁጥር ነው። ኪስ የሚገባ ትንሽ ቱቦ ላይ «300 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ሲለጠፍ ግን ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት። የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉላቱ ሲያካፍሉ ወደ ዓይን የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ። የቱቦው ሌንስ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 40 ለ300 ሲካፈል 0.13 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚያ ቀዳዳ ወፍ አይታይም፤ ሻጩም ቢሆን ሞክሮት አያውቅም።

በትክክለኛው ስኮፕም ቢሆን 60 ላይ የሚሠሩበት ሰዓት አጭር ነው። ፀሐይ ጭቃውንና ሜዳውን ማሞቅ ስትጀምር የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል፤ ሙቀታቸው የተለያየ የአየር ንጣፎችም ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ያጥፉታል። ከጋለ ምጣድ በላይ የሚርገበገበውን አየር ማለት ነው። ስኮፑ ይህንንም ከወፉ ጋር አብሮ ያጎላዋል። ፎገራ ሜዳ ላይ ጥርት ባለ ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ከ30 በላይ ማጉላት አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጨምርም፤ በብዙ ገንዘብ የተገዛው ስኮፕም ከዚህ አያመልጥም። መፍትሔው ሰዓትና ቦታ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን ይጠቀሙ፤ የሚመለከቱበትም ቦታ ከመሬቱ ከፍ ያለ ይሁን። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆኖ አባይን መመልከት ከወንዙ ዳር ቆሞ ከማየት የሚሻለው አንድም በዚህ ነው።

ሲመለከቱ ሁልጊዜ ከ20 ይጀምሩ። ቀስ እያሉ ያሳድጉ፤ ወፉ እየተለቀ የላባው ዝርዝር ግን መጨመሩን ሲያቆም ትንሽ መለስ ያድርጉት። ከ20 መጀመር ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት 20 ላይ ወደ 35 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይታያል፤ 60 ላይ ወደ 20 ሜትር ይጠባል። መንጋው ውስጥ አንዲት ወፍ ለመፈለግ ጠባቡ መስኮት አድካሚ ነው። በተመሳሳይ ዋጋ መናኛ ሌንስ ያለው 20-60 እና ጥሩ ሌንስ ያለው 25-50 ከቀረበልዎ ሁለተኛውን ይውሰዱ።

ለስኮፑ ከፍሎ ለትራይፖዱ መሰሰት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባለ 80 ሚሊ ሜትር ስኮፕ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል። ለስልክ ወይም ለትንሽ ካሜራ የተሠራ ቀጭን ትራይፖድ ይሸከመዋል፤ አጽንቶ ግን አይዘውም። 60 ላይ እያንዳንዱ ንቅናቄ 60 ጊዜ ይጎላል። ጣና ላይ ደግሞ ከቀትር ጀምሮ ከሐይቁ ወደ የብስ ነፋስ ይነሳል፤ ወደ ዘጌ የሚሻገሩ ጀልባዎች ጠዋትን የሚመርጡት ሞገዱን ስለሚያውቁ ነው። በቀጭን እግር ላይ የቆመ ምርጥ ስኮፕ በዚያ ሰዓት ከመካከለኛ ስኮፕ ያነሰ ያሳያል። ከጠቅላላ በጀትዎ ቢያንስ ሩቡን ለትራይፖዱና ስኮፑን ለሚይዘው ጭንቅላቱ ይመድቡ።

ትራይፖዱ እንሸከመዋለን ብለው የጻፉት ክብደት ከስኮፑ ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ጭንቅላቱ ኳስ ያለበት ሳይሆን ለቪዲዮ የሚሠራው፣ እጀታ ያለውና በዘይት የሚለዝበው ዓይነት ይሁን። ኳሱ ሲፈታ ስኮፑ በአንዴ ወደ ፊት ይደፋል፤ የሚበር ወፍ መከተልም አይመችም። ከመግዛትዎ በፊት እንዲህ ይሞክሩት፦ ስኮፑን ይጫኑ፣ ወደ ከፍተኛው ማጉላት ያድርሱት፣ ከዚያ በጣትዎ ጫፍ ቀስ ብለው መታ ያድርጉት። ምስሉ ተንቀጥቅጦ ለመርጋት ከሁለት ሰከንድ በላይ ከፈጀ ሌላ ትራይፖድ ይጠይቁ።

አቋቋሙም ግማሽ ሥራ ነው። መጀመሪያ ወፍራሞቹን የእግር ክፍሎች ይዘርጉ፤ ቀጭኖቹን የሚያወጡት ሲቸግር ብቻ ነው። የመሃሉን ምሰሶ ከፍ አያድርጉ፣ እሱ ከወጣ ሦስት እግሩ ቀርቶ በአንድ እግር እንደቆመ ይቁጠሩት። አንዱን እግር ስኮፑ በሚያይበት አቅጣጫ ያድርጉት። ከመሃሉ ቦርሳ ሲያንጠለጥሉ ቦርሳው መሬቱን ነካ ይበል፤ ያለዚያ ነፋሱ እያወዛወዘው ይባስ ያንቀጠቅጠዋል። የፎገራ ዋልካ ሲርስ እግሩን ቀስ በቀስ ይውጠዋል፤ ስኮፑም ወፉን እያዩ ሳለ ያዘቀዝቃል። መዳፍ የሚያህሉ ሦስት የጣውላ ቁራጮች ይዘው ቢሄዱና ከየእግሩ ሥር ቢያደርጉ ችግሩ ይቀራል።

የቀለሙን ጉዳይ ችላ ማለት

አውሮፓ ውስጥ በጫጩትነታቸው ምልክት የተደረገባቸው ክሬኖች ከጉልበታቸው በላይ ባለ ቀለም ቀለበቶች ያስራሉ። ወፉ ማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚታወቀው በቀለሞቹ ቅደም ተከተል ነው። በመናኛ ሌንስ ሲታዩ ሰማያዊው ጥቁር፣ አረንጓዴው ሰማያዊ ይመስላል፤ የተሳሳተ ቅደም ተከተል መዝግቦ መላክ ደግሞ ካለመላክ ይከፋል። ትናንሾቹም እንዲሁ ናቸው። ዉድ ሳንድፓይፐር እና ግሪን ሳንድፓይፐር ጎን ለጎን ጭቃ ላይ ሲቆሙ ከሚለዩባቸው አንዱ እግራቸው ነው፦ የመጀመሪያው ወደ ቢጫ ያደላል፣ የሁለተኛው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። የመጀመሪያው ከዓይኑ በላይ ያለው ነጭ መስመር ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በ400 ሜትር ለማየት ማጉላት ብቻውን አያደርስም።

ተራ ሌንስ የተለያዩ ቀለሞችን አንድ ቦታ ላይ አያገናኛቸውም፤ በነጭ ወፍ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ክር የሚታየው ለዚህ ነው። «ኢዲ» የሚባለው መስታወትና ፍሎራይት ይህን ይቀንሳሉ። «ኤችዲ» የሚለው ጽሑፍ ግን አንድ ወጥ ትርጉም የሌለው የሻጭ ቃል ነው፤ አንዱ አምራች ለኢዲ መስታወት፣ ሌላው ለተራ ሌንስ ይለጥፈዋል። የሚጠየቀው «ኢዲ መስታወት አለው ወይ?» ተብሎ ነው። ሌንሶቹ በሁሉም ገጽ ላይ ብዙ ንብርብር ሽፋን እንዳላቸው፣ ፕሪዝሙም «ባክ 4» ከሚባለው መስታወት እንደሆነ ይጠይቁ። ስዋሮቭስኪ፣ ኮዋ፣ ዛይስና ላይካ በዚህ በኩል ጫፍ ላይ ናቸው፤ ዋጋቸውም እንደዚያው። ከእነሱ በታች ኢዲ መስታወት ያላቸው መካከለኛ ስኮፖች አሉ፤ ለአስጎብኚ ወይም ለተማሪ ሚዛን የሚደፉት እነሱ ናቸው።

የፊት ሌንሱን ስፋት ከሥራው ጋር አለማገናኘት

ክሬኖች የሚቆጠሩት ማምሻውን፣ ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ ነው። በዚያ ሰዓት የዓይን ብሌን ይሰፋል፤ ስኮፑ የሚሰጠው የብርሃን ክብ ጠባብ ከሆነ ምስሉ ይጨልማል። 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ 25 ላይ 3.2 ሚሊ ሜትር ክብ ይሰጣል፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ 2 ብቻ። ለማምሻ ቆጠራ 80 ይምረጡ። ዋና ሥራዎ በጠዋት ከከተማው ዳርቻ እየተራመዱ ማየት ከሆነ ግን 65 ይበቃል፤ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይቀልልዎታል፣ ዋጋውም ይረክሳል።

ብርሃን ስንል አቅጣጫም አለ። ባሕር ዳር ሐይቁ ወደ ሰሜን ስለሆነ፣ በበጋ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስታዘነብል ቀኑን ሙሉ ከጀርባ ትሆናለች። ፎገራ ላይ ወደ ምዕራብ ስለሚያዩ ጠዋቱ መልካም ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን ወፉ ጥላ ብቻ ይሆናል። ዘጌ ዳር ሆነው ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ ነገሩ ይገለበጣል። ይህን ሳያዩ ስኮፑን «አያጠራም» ብለው የሚሸጡ አሉ። ፀሐይዋን ራሷን በስኮፕ ማየት ደግሞ ለቅጽበትም ቢሆን ዓይን ያጠፋል።

ቀጥ ያለውን ወይስ የታጠፈውን

የዓይን ሌንሱ 45 ዲግሪ ወደ ላይ የታጠፈው ይሻላል። ትራይፖዱ ዝቅ ብሎ ስለሚቆም አይንቀጠቀጥም፤ ረጅሙም አጭሩም እንግዳ ቁመቱን ሳያስተካክል ያያል። ቀጥ ያለው የሚመረጠው ከመኪና መስኮት ለሚመለከት ብቻ ነው።

ለጀልባ መግዛት

የጀልባው መወዛወዝ 20 ላይም ቢሆን ምስሉን ያጠፋዋል። ከጀልባ ላይ 8×42 ባይኖኩላር ከየትኛውም ስኮፕ ይሻላል። ባይኖኩላር ገና ያልገዛ ሰው በስኮፕ አይጀምር።

ሱቅ ውስጥ ሳይፈትሹ መክፈል

ሱቁ ጠባብ ከሆነ ወደ ደጅ ይዘውት እንዲወጡ ይጠይቁ። ከ50 ሜትር በላይ የራቀ ማስታወቂያ ይፈልጉና በከፍተኛው ማጉላት ያንብቡ። ጥሩ ስኮፕ ፎከሱ አንድ ነጥብ ላይ ጥርት ይላል፤ «እዚህ ይሁን ወይስ እዚያ» እያሰኘ ወዲያና ወዲህ የሚያስኬድ ከሆነ ሌንሱ ደካማ ነው። ከዚያ ዙሙን ወደ 20 ይመልሱ፦ የሚያዩት ነገር ከመሃል ሸሽቶ ወደ ጠርዝ ከሄደ የውስጥ ክፍሎቹ ተዛብተዋል። ጥቁር የኤሌክትሪክ ሽቦ በነጣ ሰማይ ላይ ይመልከቱ፤ ሐምራዊ ክር ከ30 በታችም በግልጽ ከታየ ኢዲ ነው ቢሉዎትም አይመኑ። ስኮፑን ቀስ ብለው ይነቅንቁት፣ የሚንኳኳ ነገር ሊሰማ አይገባም።

ያገለገለ ከሆነ የስልክዎን መብራት በፊት ሌንሱ በኩል አብርተው በዓይን ሌንሱ ወገን አግድም ይዩ። ጥቂት የአቧራ ነጠብጣብ አያሳስብም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ካዩ ሻጋታ ነውና ዋጋውን ሳይከራከሩ ይመልሱ።

መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ መነጽርዎን ሳያወልቁ ይሞክሩ። ዓይን ከሌንሱ ርቆ ሙሉውን ክብ የሚያይበት ርቀት ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ካነሰ መሃሉን ብቻ ያያሉ።

ሕጉን መዘንጋት

ባይኖኩላርም ሆነ ስኮፕ ከውጭ ይዞ መግባት ኤርፖርት ላይ ሊያስጠይቅ ይችላል። ዘመድ በሻንጣ ሊያመጣልዎ ከሆነ፣ ከመግዛቱ በፊት ጉምሩክን ይጠይቁ፤ ደረሰኙንም ይያዙ። ሐይቁ ዳር ሲወጡ ከሚሠሩበት ወይም ከሚማሩበት ተቋም ደብዳቤ ይኑርዎት፣ ለቀበሌውም አስቀድመው ያሳውቁ። ስኮፑን ወደ ድልድይ፣ ወደ አየር ማረፊያ ወይም ወደ ካምፕ አያዙሩ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ረጅም ጥቁር ቱቦ በሦስት እግር ላይ መቆሙ ብቻውን አጠራጣሪ ነው።

ክረምቱን ቦርሳ ውስጥ መተው

ውሃ የማያስገባ፣ ውስጡ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን የተሞላ ስኮፕ ይምረጡ፤ «አይፒኤክስ 7» ከተባለ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። ይህ ግን የውጩን ገጽ ከሻጋታ አያድንም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው እርጥበት ጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠ ስኮፕ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም አሲድ እያመነጨ የሌንሱን ሽፋን ይበላል። ከዝናብ ሲመለሱ ከቦርሳው አውጥተው ክፍሉ ውስጥ እንዲደርቅ ያድርጉ። ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከጥቂት የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር ያስቀምጡት፤ ቀለም የሚለውጠው ዓይነት ሲሊካ ቀለሙ ሲቀየር ያድርቁት ወይም ይተኩት። ሌንሱ ላይ አቧራ ካለ መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ይንፉ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ጨርቁ መጨረሻ ይምጣ። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ ደረቁን ማሸት የፎገራን አፈር በሌንሱ ላይ መፋቅ ነው።