የፓነል አምሜትርን ከሲቲ ጋር በጥንቃቄ ስለ መግጠም

የወፍጮ ወይም የውሃ ፓምፕ ሞተር በሚያሠራ ፓነል ላይ የአምፔር መለኪያ ሲገጠም፣ በዋናው ኬብል የሚያልፈው ከረንት በሙሉ በመለኪያው ውስጥ እንዲያልፍ አይደረግም። በመካከላቸው ባለሙያዎች በአጭሩ ሲቲ የሚሉት የከረንት ትራንስፎርመር ይገባና ከረንቱን በታወቀ ምጣኔ አሳንሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 5፣ አንዳንዴም ወደ 1 አምፔር አውርዶ ለመለኪያው ያቀብላል። ከዚህ በታች የቀረበው በ380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ፓነል ላይ ለሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ሙያው የሌለው ሰው የፓነሉን በር መክፈት የለበትም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ በዋናው ኬብል ከረንት እያለፈ የሲቲው የውጤት ወገን፣ ማለትም ሰከንደሪው፣ ለአፍታም ቢሆን ተቋርጦ መገኘት እንደሌለበት ነው። ይህ ብዙ ጎበዝ ሠራተኞችን ያሳሳታል፤ ምክንያቱም በለመድነው ትራንስፎርመር ላይ የሚያስፈራን ሾርት ማድረግ፣ ማለትም ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ ማገናኘት፣ ሲሆን፣ ክፍት መተው ግን ጉዳት የለውም። በሲቲ ነገሩ ይገለበጣል። ሰከንደሪው በተዘጋ መስመር ላይ እስካለ ድረስ በውስጡ የሚያልፈው ከረንት ዋናው ኬብል በብረት እምብርቱ ላይ የሚፈጥረውን መግነጢሳዊ ኃይል ይመክተዋል። መስመሩ ሲቋረጥ ግን መካች ስለማይኖር የኬብሉ ከረንት በሙሉ እምብርቱን በማግነጥ ላይ ይውላል፤ በክፍቶቹ ጫፎች መካከልም እንደ ሲቲው መጠን ከመቶዎች እስከ ሺዎች ቮልት የሚደርስ ቮልቴጅ ሊፈጠር ይችላል። ይህ ሰው ሊገድል፣ የሽቦ ጥቅሉን ሽፋን ሊያቃጥልና እምብርቱን ሊያግል ይችላል፤ ሲቲው ቢተርፍ እንኳ በእምብርቱ ላይ በሚቀረው መግነጢስ ምክንያት ንባቡ ትክክል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በሰከንደሪው መስመር ላይ ፊውዝም ሆነ ብሬከር አይገባም።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ 30 ኪሎ ዋት የሆነ ሞተር በ380 ቮልት ሙሉ ጭነት ሲይዝ ወደ 60 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ 100/5 የሆነ፣ ማለትም 100 አምፔርን ወደ 5 የሚያወርድ፣ ሲቲ ይስማማል፤ የአምሜትሩ ሰሌዳም ለ100/5 የተዘጋጀ መሆን አለበት። በ200/5 ሰሌዳ ቢገጠም ንባቡ የእውነተኛው እጥፍ ይሆናል። ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰኮንዶች ከሙሉ ጭነቱ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ሊስብ ስለሚችል፣ የላይኛው የሰሌዳው ጫፍ ለዚህ ተጨምቆ የተሠራ የሞተር አምሜትር መምረጥ ይበጃል።

በብዙዎች ዘንድ የሚረሳው የሲቲው የመሸከም አቅም ነው፤ ይህም በቮልት-አምፔር ተጽፎ ይገኛል። ሲቲው ከመለኪያው 10 ሜትር ቢርቅ፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ለደርሶ መልስ 20 ሜትር ይሆንና 0.14 ኦም ያህል መቋቋም ይኖረዋል፤ በ5 አምፔር ሽቦው ብቻውን 3.5 ቮልት-አምፔር ይበላል ማለት ነው። አቅሙ 2.5 ቮልት-አምፔር የሆነ ሲቲ ይህን አይችልም። ያን ጊዜ ሽቦውን ማወፈር፣ ወይም መለኪያውንም ሲቲውንም በ1 አምፔር መምረጥ ያስፈልጋል፤ በ1 አምፔር የሽቦው ብክነት በ25 እጥፍ ይቀንሳልና።

ሥራው የሚጀመረው ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ ማንም እንዳያበራው ቆልፎ፣ ሦስቱም ፌዞች ኃይል እንደሌላቸው በቴስተር በማረጋገጥ ነው። ቴስተሩ ራሱ ከፍተሻው በፊትና በኋላ ኃይል ባለበት ቦታ ይሞከር። ከዚያ በእያንዳንዱ ሲቲ ቀዳዳ አንድ ፌዝ ብቻ ያልፋል፤ ሦስቱ ፌዞች በአንድ ቀዳዳ ቢያልፉ ድምራቸው ወደ ዜሮ ስለሚቀርብ መለኪያው ምንም አያሳይም። በሲቲው ላይ ፒ1 (P1) የተጻፈበት ጎን ኃይሉ ወደሚመጣበት ይዞራል። ለአንድ አምሜትር ብቻ ይህ ንባቡን አይለውጥም፤ ሦስቱ ሲቲዎች አንድ የጋራ መመለሻ ሽቦ ካላቸው ግን፣ አንዱ ቢገለበጥ በእኩል ጭነት ዜሮ አካባቢ መሆን የነበረበት የመመለሻው ከረንት የአንዱን ሲቲ እጥፍ ይሆናል።

የሰከንደሪው ሁለት ጫፎች የሆኑት የኤስ1ና የኤስ2 (S1፣ S2) ሽቦዎች በቀጥታ ወደ መለኪያው ከመሄዳቸው በፊት ሾርት ማድረጊያ ባለው የሲቲ ተርሚናል (የሽቦ ማሰሪያ) ላይ ይታሰሩ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ያለ እርሱ የተሠራን ፓነል ግን ተሟልቷል ብዬ አልቀበለውም። አምራቹ ካልከለከለ በቀር ኤስ2 በአንድ ቦታ ብቻ ከኧርዝ፣ ማለትም ከመሬት መስመር፣ ጋር ይያያዛል። ሦስቱን ፌዝ በአንድ አምሜትር እያፈራረቁ ለማንበብ ከታሰበ፣ መራጩ ማብሪያ ለአምሜትር ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ የቮልትሜትር መራጭ ሲዞር መስመሩን ስለሚያቋርጥ እዚህ አይሆንም።

የመለኪያው ፊት 96 በ96 ሚሊ ሜትር ከሆነ በሩ ላይ የሚቆረጠው ቀዳዳ 92 በ92 ነው። ዳዶዎቹ በሚገባ ይጥበቁ፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሽቦው እንዳይሳብም ትርፍ ርዝመት ይተውለት። የላላ ዳዶ ከተቆረጠ ሽቦ አይለይም።

ኃይል ከመለቀቁ በፊት የሾርቱ ማገናኛ እንደተነሣና መለኪያው በመስመሩ ውስጥ እንዳለ ይታይ። ሞተሩ ሲሠራ በዋናው ኬብል ላይ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ዙሪያውን አቅፎ ሳይቆርጥ ከረንት በሚለካ መሣሪያ) የተለካው 60 አምፔር ከሆነ፣ በሰከንደሪው ሽቦ ላይ 3 አምፔር ይገኛል። መለኪያው ዜሮ ቢያሳይ ሽቦ ለመፍታት መቸኮል አደጋ ነው፤ መጀመሪያ የሾርቱ ማገናኛ ተረስቶ እንደሆነ ይታይ፤ ካልሆነም ኃይሉ ጠፍቶ ይፈተሽ።

ከዓመታት በኋላ አምሜትሩ ሲበላሽ የሚፈጸመው ስህተት ደግሞ ይታወቃል፤ መለኪያው ተነቅሎ ለጥገና ይሄድና ሁለቱ ሽቦዎች ለየብቻቸው በፕላስተር ተጠቅልለው ይቀራሉ፣ ሞተሩም ይነሣል። ትክክለኛው መንገድ ኃይሉን ማጥፋት ነው፤ ያ ካልተቻለ አስቀድሞ በተርሚናሉ ላይ ሾርት ማድረግ፣ ደህና የነበረው መለኪያ ወደ ዜሮ መውረዱን ወይም በክላምፕ ሜትር ወደ መለኪያው በሚሄደው ሽቦ ከረንት መቅረቱን ማየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መፍታት ነው። አዲሱ መለኪያ ታስሮ እስኪያልቅ ድረስም ማገናኛው ከቦታው አይነሣም። ይህን ቅደም ተከተል በአማርኛ ጽፎ በፓነሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ መለጠፍ የገጠመው ባለሙያ የመጨረሻ ሥራ ይሁን።